ስሙ የወንዙ ነው

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዝናቡ ለርዕሳችን ይስማማል፤ የማወራው ስለ ዌልስ ነው።

የዛሬው ነገራችን አንድ አጭር ስም ነው። ኮንዊ። በሰሜን ዌልስ ኮንዊ የሚባል ወንዝ አለ። ኮንዊ የሚባል ከተማ አለ። ወንዙ ባህር የሚገባበት ሰፊ አፍም ኮንዊ ነው። ከዚያ ወጣ ብሎ ያለው የባህር ወሽመጥም ኮንዊ ነው። ከ1996 ወዲህ ደግሞ የአካባቢው አስተዳደር በሙሉ ይህንኑ ስም ወስዷል። አንድ የአገሩ ሰው «ኮንዊ ዛሬ ሞልቷል» ቢላችሁ፣ ወንዙን ይሁን የመኪና ማቆሚያውን መጠየቅ አለባችሁ። (የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ እንዳንደነጋገር።)

ዛሬ የመጣሁት አንድ ነገር ላሳምናችሁ ነው። ስሙ የወንዙ ነው። ከተማው ተበድሮት ነው። ንጉሥ መጣ፣ መሐንዲስ መጣ፣ ባቡር መጣ። ሁሉም የሠሩትን የሠሩት የወንዙን አፍ አስፈቅደው ነው። እሱ እምቢ ባለ ቀን ንጉሡም ቢሆን ተቸግሯል። ወደዚያ እንደርሳለን።

እኛም አዋሽ ስንል ወንዙንም ከተማውንም ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ለጆሯችን አዲስ አይደለም። ግን አዋሽ ባህር አይደርስም። አፋር ላይ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ብዙዎቻችን ወንዝና ባህር ሲገናኙ አይተን አላደግንም። እሱን ሳናውቅ ደግሞ የኮንዊ ታሪክ ግማሹ ያመልጠናል።

ባህሩ በቀን ሁለት ጊዜ ገደማ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ኮንዊ ላይ ልዩነቱ ከባድ ነው። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና አዲስ በወጣችበት ሰሞን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ከ6 ሜትር በላይ ይሆናል። ጠዋት ወደቡ ላይ ብትቆሙ ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ ጎናቸውን ሰጥተው ተኝተዋል። ወፎች በመካከላቸው ይለቃቅማሉ። ከሰዓት ብትመለሱ ጭቃው የለም። ጀልባዎቹ ተንሳፍፈዋል። ወንዙም ወደ ታች መውረዱን ትቶ ወደ ላይ ይፈሳል፤ ጨዋማው ውሃ ሸለቆውን ይዞ ኪሎሜትሮች ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ሲመለስ ደግሞ ከላይ የመጣውን የወንዝ ውሃ ጨምሮ ነው የሚሮጠው። ድልድዮቹ ሥር ያ ውሃ ሲያልፍ ያየ ሰው «እስቲ ዋኝቼ ልሻገር» አይልም።

ዌልሾች እንዲህ ያለውን ቦታ አበር ይሉታል። በካርታ ላይ አበር ብሎ የሚጀምር የዌልስ ከተማ ካያችሁ አንድ ውሃ እዚያ አፉን ከፍቷል ማለት ነው። የኛ ከተማም በመጀመሪያ ስሙ አበርኮንዊ ነበር፤ የኮንዊ አፍ። እንግሊዞቹ በጊዜ ብዛት «አበር»ን ጣሉት። ከተማው የወንዙን ስም ሙሉ በሙሉ የወሰደው ያኔ ነው።

ከነሱ በፊትም ተበዳሪ ነበር። ሮማውያን ከዛሬው ከተማ ጥቂት ኪሎሜትር ወደ ላይ፣ ዛሬ ካይርሂን የሚባለው ቦታ ላይ፣ ምሽግ ሠርተው ካኖቪየም አሉት። ከወንዙ ስም ነው ያወጡት። ስለዚህ ስሙ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ተሻግሯል። ትርጉሙ ላይ ሊቃውንቱ አይስማሙም። «አለቃ ውሃ» የሚሉ አሉ፣ ከሸምበቆ ጋር የሚያያይዙት አሉ። እኔ ሽምግልና አልገባም።

አሁን ወንዙን ከላይ እንከተለው። ሚግናይንት የሚባል እርጥብና ነፋሻ ደጋ አለ። እዚያ ላይ ከባህር ወለል 450 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ትንሽ ሐይቅ ተቀምጧል። የሐይቁ ስም? ሊን ኮንዊ፤ የኮንዊ ሐይቅ። ያልኳችሁን አስታውሱ። ውሃው የሚወጣው ለዘመናት ከበሰበሰ ሣርና ተክል መሐል ስለሆነ ቡናማ ነው። ከዚያ በገደል እየዘለለ ይወርዳል። ማኽኖ፣ ሌድር፣ ሊግዊ የሚባሉ ገባሮች ቤቱስ-ኧ-ኮይድ አካባቢ ይቀላቀሉታል። ከዚያ በኋላ ሸለቆው ይሰፋል፣ ውሃውም ረጋ ይላል።

ረጋ ይላል ስል ሁልጊዜ አይደለም። ላንሩስት የምትባለው የሸለቆው ከተማ በ2020 የካቲት ወር ኪያራ በተባለው ማዕበል ጊዜ በጎርፍ ተመታች። በሸለቆው የሚሄደው ባቡር ሐዲድም በ2019 ተጠርጎ፣ ተጠግኖ፣ በዓመቱ እንደገና ተጠረገ። ላንሩስት ላይ ግን በ1636 የተሠራ የድንጋይ ድልድይ እስካሁን ቆሟል። ሦስት ቅስት አለው፣ ጠባብ ነው፣ መሐሉ ጉብ ያለ ነው። ከአንዱ ጫፍ የደረሰ ሾፌር ከወዲያ የሚመጣውን አያየውም። ንድፉ የዝነኛው አርክቴክት የኢኒጎ ጆንስ ነው ይላሉ። አልተረጋገጠም፤ ግን ማንም ይህን ታሪክ ከላንሩስት ሰው አፍ የሚነጥቅ አይመስለኝም።

ከላንሩስት ዝቅ ብሎ ትሬቭሪው የሚባል መንደር አለ። ባህሩ ከዚያ አይታይም። ግን ወደብ ነበር፣ ያውም በዌልስ ከባህር ርቀው ከሚገኙ ወደቦች ትልቁ ይባል የነበረ። ዘዴው ቀላል ነው። ሙላቱ ሲገባ ጀልባው አብሮት ይገባል። ሱፍና ለጣሪያ የሚሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ ይጭናል። ጉድለቱ ሲጀምር አብሮት ይወጣል። የባህሩን ሰዓት ያወቀ ብዙ መቅዘፍ አያስፈልገውም።

ወደ ታሪኩ ልግባ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

በመካከለኛው ዘመን የሰሜን ዌልስ ኃያል መንግሥት ግዊኔዝ ነበር። ሰዎቹ አገራቸውን ለሁለት ከፍለው «ከኮንዊ በላይ» እና «ከኮንዊ በታች» ይሉ ነበር። በላይ ያሉት ምዕራቡን ነው፤ ተራራውን፣ ጠላት የማይደፍረውን። በታች ያሉት ምሥራቁን፣ ለእንግሊዝ የቀረበውን። የበላዩ ለመንጠቅ ያስቸግራል። የታችኛው ግን በየጦርነቱ እጅ ይለዋወጣል። በ1277 ልዑል ሊዌሊን ከእንግሊዙ ንጉሥ ከኤድዋርድ ቀዳማዊ ጋር ሲታረቅ ውሉ የተፈረመው እዚሁ አበርኮንዊ ነው። ሊዌሊን ከወንዙ በስተምሥራቅ ያለውን አጣ። ወንዙ ድንበሩ ሆነ።

ያኔ ከተማ የሚባል ነገር አልነበረም። የነበረው ገዳም ነው። በ1190ዎቹ አካባቢ የሲስተርሲያን መነኮሳት ከወንዙ አፍ ምዕራባዊ ዳር ሰፍረው ነበር። የሊዌሊን አያት፣ ታላቁ ሊዌሊን የሚባለው፣ ገዳሙን ይወደው ነበር። በ1240 እዚያው ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። ስለዚህ ቦታው ለዌልሾች ተራ የወንዝ ዳር አይደለም። የትልቁ ሰዋቸው መቃብር ነው።

በ1282 ታኅሣሥ የልጅ ልጁ ሊዌሊን ተገደለ። በቀጣዩ መጋቢት ኤድዋርድ ኮንዊ ደረሰ። መነኮሳቱን አስነስቶ ወደ ላይ፣ ላንሩስት አጠገብ ወዳለችው ማይናን አዛወራቸው። የገዳሙን ቤተ ክርስቲያን ለአዲሱ ከተማ ደብር አደረገው፤ ዛሬም የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ያገለግላል። ገዳሙ በነበረበት ላይ የእንግሊዝ ከተማ ተተከለ። እንዲያው ምቹ ቦታ ስለሆነ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። የጠላትን ዋና መቃብር ላይ ግንብ የሚያቆም ንጉሥ ምን መልእክት እንደሚያስተላልፍ ያውቃል።

ታላቁ ሊዌሊንም ከመነኮሳቱ ጋር መቃብር ቀየረ። በኋላ የማይናን ገዳምም በሄንሪ ስምንተኛ ዘመን ተዘጋ። የሊዌሊን ነው የሚባለው የድንጋይ ሣጥን ዛሬ ላንሩስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ባዶውን። የአበባ ቅርጽ የተፈለፈለበት ከባድ ድንጋይ ነው። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት የጠራቢው መሮ የሄደበት ይታያል። ኮንዊ የሚሄደው ሰው ሁሉ ግንቡን አይቶ ይመለሳል፤ ይህን ሣጥን የሚያየው ጥቂቱ ነው። እኔ ከግንቡ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

ግንቡን ግን እንለፈው ብል አትምሩኝም። ሥራው ከ1283 እስከ 1287 ተሠራ። ዋናው ሠሪ ከሳቮይ የመጣ ማስተር ጄምስ የሚባል ሰው ነው። ከተማውን ከበው የሚሄዱት ቅጥሮች 1.3 ኪሎሜትር ይረዝማሉ፣ 21 ማማና 3 በር አላቸው። ግንቡ ራሱ 8 ግዙፍ ማማዎች አሉት። ሁሉም ተደምሮ 15,000 ፓውንድ ገደማ ፈጀ፤ ለዚያ ዘመን የሚያስደነግጥ ገንዘብ ነው። ዛሬ ግራጫ ሆኖ የምታዩት ድንጋይ ያኔ በኖራ ነጥቶ ነበር፤ እዚህም እዚያም ርዝራዡ አለ። ከሩቅ፣ ከባህር ለሚመጣ ሰው ነጭ ሆኖ ነበር የሚታየው። ከ1986 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ነው።

አንድ ነገር ግን ቱሪስቱ ሁሉ ሳያየው ያልፋል። በደቡቡ ቅጥር አናት ላይ 12 መጸዳጃ ቤቶች በተርታ ወደ ውጭ ተሠርተዋል። ለንጉሡ ሠራተኞች ነው። ታሪክ ጸሐፊ ስለ ማማ ይጽፋል፤ መሐንዲሱ ግን ስለዚህም ማሰብ ነበረበት።

ሌላም አለ። ከቅጥሩ በአንዱ በኩል መስኮቶች አሉ። የመከላከያ ግድግዳ ላይ ትልልቅ መስኮት ምን ይሠራል? የዌልሹ ልዑል አዳራሽ እዚያ ነበር፤ እንግሊዞቹ አፍርሰው ከመሥራት ቅጥራቸው ውስጥ አስገቡት። ግንቡ የዌልሾቹን ቤት ዋጠው። መስኮቱ ግን እስካሁን ይታያል።

ለምን እዚህ? ኤድዋርድ ከሱ በፊት የነበሩትን ስህተት አይቷል። እንግሊዞች ወንዙ ማዶ፣ ደጋንዊ ላይ፣ ኮረብታ ላይ የተቀመጠ ምሽግ ነበራቸው። በ1263 ዌልሾቹ አስለቅቀው አፈረሱት። አዲሱ ግንብ ስለዚህ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ እንዲቆም ተደረገ። በመሬት ቢከበብ መርከብ ስንቅ ያመጣለታል። በሰላም ጊዜ የሚጠብቀው 30 ሰው ብቻ ነበር፤ ከነሱ 15ቱ ባለ ቀስት። ሌሎቹ ቄስ፣ አናጢ፣ ቀጥቃጭ፣ እንዲህ እንዲህ። 30 ሰው ያን ሁሉ ድንጋይ መያዝ የሚችለው ባህሩ ከጀርባው ስለቆመ ነው።

ከቅጥሩ ውስጥ እንዲሰፍሩ የተደረጉት እንግሊዞች ናቸው። ዌልሾቹ በገዛ ወንዛቸው ስም በሚጠራው ከተማ ውስጥ እንዳይኖሩ ተከልክለው ነበር። ይህን ሁልጊዜ ሳስበው ይገርመኛል። ስሙን ወሰዱ፣ ባለ ስሞቹን አስወጡ።

አሁን ቃል የገባሁት የንጉሡ ችግር። በ1294 ዌልሾቹ በማዶግ ሊዌሊን መሪነት ተነሱ። ኤድዋርድ ራሱ ወደ ኮንዊ ወረደ። ስንቁ በመንገድ ተዘረፈ። ወንዙ ሞላ። ከማዶ ያለው ጦሩ ሊሻገርለት አልቻለም። ንጉሡ 15,000 ፓውንድ ባወጣበት ግንብ ውስጥ በክረምት እንደ እስረኛ ተቀመጠ። የዘመኑ ጸሐፊ እንደተረከው የቀረች ትንሽ በርሜል ወይን ነበረች። ለንጉሡ ትሁን ሲሉት፣ በችግር ጊዜ ሁሉም እኩል ይካፈል ብሎ እምቢ አለ ይባላል። ከነገሥታት ታሪክ እንዲህ ያለውን በጥርጣሬ ነው የምሰማው። ውሃው መሙላቱን ግን አልጠራጠርም። ውሃው ሲጎድል መርከብና ጦር ደረሰለት።

ሌላው ታሪክ ያስቃል፤ ሞት ባይኖርበት ኖሮ። ጊዜው 1401 ነው። ዌልሹ ኦዋይን ግሊንዱር በእንግሊዝ ላይ ተነስቷል። ቀኑ ስቅለት ነበር። ጠባቂዎቹ አብዛኛዎቹ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። አንድ ሰው በሩን መታ። «አናጢ ነኝ፤ ለሥራ ነው የመጣሁት።» ከፈቱለት። ሪስና ግዊሊም የሚባሉ ወንድማማቾች 40 ያህል ሰው ይዘው ከኋላው ነበሩ። ሁለት ጠባቂዎች ተገደሉ፣ ግንቡ ተያዘ። ያ ሁሉ ድንጋይ፣ ያ ሁሉ ማማ፣ በአንድ አናጢ ተከፈተ። ወንድማማቾቹ ለወራት ይዘው ቆይተው በድርድር ወጡ፤ ከተከታዮቻቸው ጥቂቶቹን ለስቅላት አሳልፈው ሰጥተው። እዚህ ላይ ጀግንነቱ ይደበዝዛል። የነዚህ ሰዎች አባት ስሙ ቲዲር ነበር። የወንድማቸው የልጅ ልጅ ልጅ ደግሞ በ1485 የእንግሊዝን ዘውድ ደፋ። ሄንሪ ሰባተኛ። ቱዶሮች የምንላቸው ከዚህ ቤት ናቸው።

ከዚያ በኋላ ኮንዊ ረዥም እንቅልፍ ተኛ። በ1500ዎቹ መጨረሻ ሮበርት ዊን የሚባል የአገሩ ባለጸጋ ፕላስ ማውር የሚባለውን ቤት በቅጥሩ ውስጥ ሠራ። ዌልሽ ነው ልብ በሉ፤ እገዳው ያኔ አልፏል። ቤቱ እስካሁን ያምራል። ግንቡ ግን በ1655 ሆን ተብሎ እንዳያገለግል ተደረገ።

ከተማውን የቀሰቀሰው መንገድ ነው። ከለንደን አየርላንድ የሚሄድ ሁሉ የሚያልፈው በዚህ ነው። እዚህ ሲደርስ ይቆማል። ድልድይ የለም። ጀልባው ሙላቱን ይጠብቃል፣ ነፋሱን ይጠብቃል፣ ጀልበኛው ደግሞ የራሱ ጸባይ አለው። በ1806 የገና ዕለት የፖስታ መንገደኞችን የጫነው ጀልባ ተገለበጠ። ከ15 ሰው የተረፉት 2 ብቻ ነበሩ።

በ1826 ቶማስ ቴልፎርድ ተንጠልጣይ ድልድይ ዘረጋበት። ሰንሰለቱ በከተማው በኩል ከግንቡ ሥር ካለው ዐለት ጋር ታስሯል። ማማዎቹን ደግሞ ግንቡን እንዲመስሉ አድርጎ ሠራቸው። ጨዋነት ነው ወይስ ማስመሰል? ክርክር አለበት። እኔ ወድጄዋለሁ።

ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ ባቡሩ መጣ። ሮበርት ስቲቨንሰን ያሰበው እብደት ይመስል ነበር፤ ባቡሩ በብረት ቱቦ ውስጥ እንዲያልፍ። እያንዳንዱ ቱቦ 125 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ክብደቱ ከሺህ ቶን በላይ ነው። እዚህ ላይ ነው የወንዙ አፍ ሥራውን የሠራው። ቱቦው ዳር ላይ ተገጣጠመ። ከሥሩ ታንኳዎች ገቡለት። ሙላቱ ሲመጣ ታንኳዎቹን ከነቱቦው አነሳቸው፤ ሺህ ቶን ብረት በባህሩ ጉልበት ተንሳፈፈ። ጎትተው ቦታው ላይ አደረሱት። ከዚያ በውሃ ግፊት በሚሠራ ማሽን ቀስ በቀስ ወደ ላይ ተነሳ። የመጀመሪያው ባቡር በ1848 አለፈ። ለሜናይ ወሽመጥ የታሰበው፣ «ብሪታኒያ» የሚባለው ትልቅ ድልድይ መለማመጃም ይህ ነበር። ያ ትልቁ ድልድይ በ1970 ተቃጥሎ ቅርጹ ተቀየረ። ልምምዱ ግን እስካሁን ባቡር ያሳልፋል። ሐዲዱ የከተማውን ቅጥር በስቶ ሲገባ እንኳ ቅስቱ የድሮ እንዲመስል ተደርጓል።

በ1958 የመኪና ድልድይ ተጨመረ። ሦስት ድልድይ ጎን ለጎን፣ ከግንቡ እግር ሥር። የቴልፎርዱ ይፍረስ ተብሎ ነበር፤ ሰው ጮኸና ተረፈ። መኪናው ግን በዛ። አውራ ጎዳናው በከተማው ጠባብ የድንጋይ በሮች ያልፍ ነበርና በበጋ ሰልፉ አያልቅም። አራተኛ ድልድይ ደግሞ ግንቡን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ከሥር ይለፍ ተባለ።

ይህ ሥራ ይገርማል። ዐለት አልፈለፈሉም። ከከተማው በስተምዕራብ ትልቅ ጉድጓድ ቆፈሩ። እዚያ ውስጥ 6 የኮንክሪት ሣጥኖች አፈሰሱ፣ እያንዳንዳቸው ከመቶ ሜትር በላይ። ጉድጓዱን ውሃ ሞሉት። ሣጥኖቹ ተንሳፈፉ። አንድ በአንድ ወደ ወንዙ አፍ ጎትተው፣ ከሥር በተቆፈረ ቦይ ውስጥ አሰመጧቸው። በ1991 ንግሥት ኤልሳቤጥ መርቃ ከፈተችው። በብሪታኒያ በዚህ ዘዴ የተሠራ የመጀመሪያው የመኪና ዋሻ ነው። ዘዴው ከስቲቨንሰን የራቀ አይደለም፤ ከባድ ነገር ካለህ ውሃው ይሸከምልህ።

ትርፉም ሁለት ነው። የተቆፈረው ጉድጓድ የጀልባ ማቆሚያ ወደብ ሆነ። ከወንዙ የወጣው ደለል ደግሞ በምሥራቁ ዳር ተደፋ፤ እዚያ ኩሬና ሸምበቆ ተዘጋጅቶ በ1995 የአእዋፍ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተከፈተ። ከዋሻው የወጣ ጭቃ ላይ ዛሬ ወፍ ይዘንባል። በዚያው በምዕራቡ ዳር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለኖርማንዲ ወረራ የታሰቡት ተንሳፋፊ ወደቦች ሙከራ ተሠርቷል። የዚያን ጊዜም ኮንክሪት በዚህ ውሃ ላይ ተንሳፍፏል።

ከመሐንዲሶቹ በፊት ከውሃው የኖሩት ግን ሌሎች ናቸው። ማስል የሚባል ባለ ሁለት ክዳን፣ ጥቁር ሰማያዊ ዛጎል አለ። ከወንዙ አፍ ሥር ዐለት ላይ ተጣብቆ ይኖራል። የኮንዊ ማስል ለቃሚዎች በትንሽ ጀልባ ይወጣሉ፤ ጉድለቱን ጠብቀው። በእጃቸው ብዙ ሜትር የሚረዝም የእንጨት ዘንግ አለ። ጫፉ ላይ ጣት ያለው የብረት መጫሪያና መረብ ታስሯል። ከታች የሚሠሩትን አያዩም። በእጃቸው ነው የሚሰሙት፤ ብረቱ ዐለት ሲነካ፣ ማስል ሲላቀቅ። ጎትተው ያወጣሉ፣ ትንሹን መልሰው ይጥላሉ። ወቅቱ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ገደማ ነው፤ ማለት ብርዱ በሚጸናበት። ይህን የሚያደርጉ ቤተሰቦች አሁንም አሉ፤ ቁጥራቸው ግን እጅግ ቀንሷል።

ሥጋው ብቻ አልነበረም የሚፈለገው። በ19ኛው መቶ ዘመን ማስሉን በትልቅ ብረት ድስት ቀቅለው፣ ሥጋውን በባዶ እግር ይረግጡት ነበር። ውሃ ጨምረው ሲያጥቡት ከሥር አሸዋ የመሰለ ነገር ይቀራል። ያን አድርቀው፣ ሳህን ላይ ዘርግተው፣ በላባ ይለያሉ። የሚለዩት ሉል ነው። ጥቃቅን፣ አብዛኛው ቀለሙ የደበዘዘ። በክብደት ይሸጣል። የተረገጠው ሥጋ ለዳክዬ ይሰጣል። ዳክዬዎቹ በጣም ሳይወፍሩ አልቀሩም። ከኮንዊ የወጣ አንድ ትልቅ ሉል ለንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ ባለቤት ተበርክቷል ይባላል፤ ሰጪው ከዊን ቤተሰብ ነው።

በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ግን ችግር መጣ። የከተሞቹ ቆሻሻ ወንዝ ውስጥ ይገባል፤ ማስሉ ደግሞ ውሃውን እያጣራ ነው የሚበላው። የታይፎይድ ስጋት ተነሳ። ገበያው ሊዘጋ ደረሰ። መፍትሔው እዚሁ ተገኘ። በክሎሪን የጸዳ የባህር ውሃ ገንዳ ውስጥ ያስቀምጡታል። ማስሉ ንጹሑን ውሃ እያስገባና እያስወጣ ራሱን ያጥባል። ሮበርት ዶጅሰን የሚባል ሳይንቲስት ኮንዊ ላይ ያጠናው ይህ አሠራር ወደ ሌሎች አገሮችም ሄዷል።

ወደቡ ላይ ማስል ከሚሸጠው ቤት ብዙም ሳይርቅ ቀይ የተቀባች ቤት አለች። የብሪታኒያ ትንሿ ቤት ይሏታል። ስፋቷ 1.8 ሜትር ነው። የመጨረሻው ነዋሪ ሮበርት ጆንስ የሚባል አሣ አጥማጅ ነበር፤ ቁመቱ 1.9 ሜትር። በ1900 ለሰው መኖሪያ አትሆንም ተብሎ ወጣ። ቱሪስቱ ይሰለፍላታል፤ እኔ ሰልፉን ትታችሁ ቅጥሩ ላይ ውጡ እላለሁ። ቅጥሩ ነጻ ነው።

ስሙን ልጨርሰው። እንግሊዝኛው ለብዙ ዘመን «ኮንዌይ» ነበር። ጎዳና ላይ፣ ባቡር ጣቢያ ላይ፣ ካርታ ላይ። በ1972 የከተማው ይፋዊ አጻጻፍ በዌልሽኛው ኮንዊ ሆነ። ቀላል ለውጥ ሊመስል ይችላል፤ በእንግሊዝኛው አንድ ፊደል ነው የወጣው። ግን ንጉሡ ዌልሾቹን ያስወጣበት ከተማ በመጨረሻ እነሱ እንደሚጠሩት ተጠራ። በ2021 ቆጠራ በመላው ዌልስ ዌልሽኛ የሚናገረው 17.8 በመቶ ነው። በኮንዊ አስተዳደር ሩብ ያህል ነው። ወንዙን ይዛችሁ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ይበዛል፤ ላንሩስት ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ የምትሰሙት ዌልሽኛ ነው።

ልትሄዱ ካሰባችሁ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። የሙላትና ጉድለቱን ሰዓት ቀድማችሁ እዩ፤ ሁለቱንም ካላያችሁ ኮንዊን በግማሽ ነው ያያችሁት። ሁለተኛው፣ ከተማው በዓመት አንዴ የማር ገበያ አለው። ከኤድዋርድ ዘመን የመጣ ነው ይባላል፣ 700 ዓመት አልፎታል። ሴፕቴምበር 13 ነው የሚውለው። ቀኑን ስትቆጥሩት ከእንቁጣጣሽ ሁለት ቀን ገደማ በኋላ ነው። ንብ አርቢዎቹ መንገድ ዳር ጠረጴዛ ዘርግተው ይቆማሉ። ማሩ ቶሎ ስለሚያልቅ ጠዋት ሂዱ።

ጥያቄ ያለው ሰው ካለ እቀበላለሁ። የጠጅ ጥያቄ ከሆነ ግን ለሻይ ሰዓት ይቆየን።